ኢየሩሳሌም፦ የ4 ሰዓት በረራ፣ የብዙ ወራት መንገድ

ሰሙነ ሕማማት ሲቃረብ ነጠላ ያጣፉ እናቶችና መቋሚያ የያዙ አባቶች በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተሰልፈው ይታያሉ። ሻንጣቸው ትንሽ፣ አደራቸው ግን ብዙ ነው። ጎረቤትና ዘመድ «በጸሎት አስቡን» ብለው የሰጧቸውን የክርስትና ስም ጽፈው ይዘዋል። መድረሻቸው ኢየሩሳሌም ናት።

ከአዲስ አበባ እስከ ቴል አቪቭ ያለው የአየር ርቀት 2,600 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሰማዩ ሰላም በሆነ ጊዜ ያለ ማቋረጥ የሚበር አውሮፕላን በ4 ሰዓት ገደማ ያደርሳል። ማረፊያው የሚገኘው በልዳ አጠገብ ነው። ልዳም ሐዋርያው ጴጥሮስ ኤንያን የፈወሰባት፣ በትውፊት የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ መቃብር የሚገኝባት ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ኢየሩሳሌም የሚያወጣው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፍተሻውና ጥበቃው ሲደመር ተሳላሚው ከቤቱ ተነሥቶ ቅድስት ከተማ እስኪገባ 10 ሰዓት ያህል ሊወስድበት ይችላል። በትንሣኤ ሰሞን የሁለቱ አገሮች ሰዓት እኩል በመሆኑ የእጅ ሰዓቱን ማስተካከል እንኳ አያስፈልገውም።

የቀደሙት አባቶች ግን በእግር ነበር የሚሄዱት። በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚራመድ ሰው ይህን ርቀት በቀጥታ ቢጓዝ እንኳ 87 ቀናት ያህል ይፈጅበታል። ዐቢይ ጾም በገባበት ዕለት ቢነሣ 55ቱ ቀን ሲፈጸም ገና በመንገድ ላይ ነው። መንገዱም ቀጥ ያለ አልነበረም፤ በረሃ አቋርጦ፣ ዓባይን ተከትሎ፣ በግብፅና በሲና ይዞር ነበር። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በግብፅ በኩል ኢየሩሳሌምን ተሳልመው እስከ አርመን ዘልቀዋል፤ ያረፉትም በዚያው ነው፤ ወደ አገራቸው አልተመለሱም።

እንዲህ ያለውን መንገድ የሚጀምር ሰው ዕዳውን ከፍሎ፣ ከተጣላው ታርቆ ቢነሣ አያስደንቅም፤ መመለሱን አያውቅምና። ረጅሙ መንገድ ራሱ ልብን ያዘጋጅ ነበር። የዛሬው ተሳላሚ የመመለሻ ትኬቱን በኪሱ ይዞ ይሄዳል። 4 ሰዓት ለአካል ይበቃ ይሆናል፤ ቂም የያዘ ልብ ግን በ4 ሰዓት ኢየሩሳሌም አይደርስም። ስለዚህ እርቁም ንስሐውም ከቦሌ በፊት ሊቀድም ይገባል።

የመልሱ ጉዞም ሊናቅ አይገባም። የህንደኬ ጃንደረባ በኢየሩሳሌም ሰግዶ ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ ነቢዩ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስ ያገኘውና ያጠመቀው በከተማይቱ ውስጥ ሳይሆን በጋዛ መንገድ ላይ ነው። ጸጋው የጠበቀው ወደ አገሩ በሚወስደው ጎዳና ነበር። የእኛስ የመመለሻ 4 ሰዓት በምን ያልፋል? በገበያ ዕቃ ወሬ ወይስ በንባብ?

ለትኬት የሚሆን ገንዘብ አጥታ የቀረች እናትም አትዘን። ከሁሉ ታርቃ በሰፈሯ ደብር የትንሣኤን ሌሊት ጧፍ ይዛ የቆመች፣ ቂሙን ይዞ ከበረረው ይልቅ ለጎልጎታ ትቀርባለች።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ።