«ኮር አይ ሰቨን ነው» ከተባለ በኋላ

የቴሌግራም የኮምፒውተር ማስታወቂያ አንዱን ያነበበ ሁሉንም አንብቧል። ኮር አይ ሰቨን፣ 16 ጊጋ ራም፣ አንድ ቴራ ሃርድ ዲስክ፣ «ለግራፊክስ ምርጥ»፣ ዋጋ በውስጥ መስመር። ስለ ፕሮሰሰሩ ግን ገና ምንም አልተነገረንም። በ2013 የወጣው 4770 ኮር አይ ሰቨን ነው፤ በ2023 የወጣው 14700ኬም ኮር አይ ሰቨን ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ያኛው 4 ኮር ይዟል፣ ይኼኛው 20። በ2022 የመጣው 12100 ደግሞ «ትንሹ» ኮር አይ ስሪ ሆኖ ሳለ የ2013ቱን አይ ሰቨን በሰፊው ይበልጠዋል። ስለዚህ ሻጭ የሚጠየቀው ስሙን ሳይሆን ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ነው። 4770 ሲባል አራተኛ ትውልድ፣ 12100 ሲባል አሥራ ሁለተኛ ማለት ነው።

ትውልዱ ከታወቀ በኋላ ጥያቄው ወደ ሥራው ይዞራል። የግራፊክስ ባለሙያ ሁለት ዓይነት መጠበቅ አለበት። አንደኛው እጁ ማውዝ ላይ እያለ የሚጠብቀው ነው፤ በሬቪት ግድግዳ ሲያንቀሳቅስ፣ በስኬችአፕ የከበደ ሞዴል ሲያዞር፣ በአውቶካድ ትልቅ ፋይል ሲከፍት። ሁለተኛው «ሬንደር» የሚለውን ተጭኖ ሻይ ሊጠጣ ወይም ሊተኛ ሲሄድ የሚጠብቀው ነው። ሁለቱ የሚፈልጉት ፕሮሰሰር ለየቅል ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ሥራ ደረጃ በደረጃ የሚሰላ ነው። ግድግዳው ሲነሳ በሩ ይከተላል፣ በሩ ቦታውን ሲይዝ ልኬቱ ይቀየራል፤ የፊተኛው ሳያልቅ የኋለኛው አይጀመርም። እንዲህ ያለው ስሌት በአብዛኛው በአንድ ኮር ላይ ነው የሚሄደው። 8 ኮርና 16 ትሬድ (በየኮሩ ሁለት የሥራ መስመር) ባለው ማሽን ላይ ሬቪት እየተንቀራፈፈ ታስክ ማናጀር ቢከፈት የፕሮሰሰሩ አጠቃቀም 6 ወይም 7 በመቶ ብቻ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ፕሮሰሰሩማ ሥራ ፈቷል» ይልና ግራፊክስ ካርድ ሊገዛ ይወጣል። 100 ለ16 ሲካፈል ግን ስድስት ከሩብ ነው፤ አንዱ ትሬድ እስከ ጥግ ተወጥሯል፣ አሥራ አምስቱ ቆመው ያያሉ። ለዚህ ሥራ የኮር ብዛት አይረዳም። የሚረዳው የእያንዳንዱ ኮር ፍጥነት ነው፤ ማለትም አዲስ ትውልድና ከፍ ያለ ጊጋኸርዝ።

ሬንደር ሌላ ነገር ነው። ኮሮና፣ ቪሬይ ወይም የብሌንደሩ ሳይክልስ በፕሮሰሰር ሲሠሩ ምስሉን ይቆራርጡታል፤ አንዱ ቁራጭ ሌላውን ሳይጠብቅ ይሰላል። እዚህ ባለ 16 ኮሩ የኤኤምዲ ራይዘን 9 7950ኤክስ 8 ኮር ያለውን ወንድሙን በሰፊው ይቀድመዋል፣ 96 ኮር የያዘው ትሬድሪፐር ፕሮ 7995ደብሊውኤክስም የሚገባው ቦታ ይህ ነው። ይሁን እንጂ ለሠርግ ድግስ ሽንኩርት የሚከትፉ እጆች ሲበዙ ሽንኩርቱ ቶሎ ያልቃል እንጂ ወጡ ምድጃ ላይ የሚፈጀውን ጊዜ መፍጀቱ አይቀርም። በ1967 የአይቢኤሙ መሐንዲስ ጂን አምዳል ይህንኑ በስሌት አሳይቷል። ከአንድ ሥራ 5 በመቶው ብቻ እንኳ የማይከፋፈል ከሆነ፣ የፈለገውን ያህል ኮር ቢደረደር ፍጥነቱ ከ20 እጥፍ አያልፍም። ግማሹ የማይከፋፈል ከሆነ ደግሞ ጣሪያው ሁለት እጥፍ ነው።

በእኔ ግምት አብዛኛው ባለሙያ ገንዘቡን ማዋል ያለበት በመጀመሪያው መጠበቅ ላይ ነው። ማታ የተለቀቀ ሬንደር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ቢያልቅ ወይም 11 ሰዓት ቢያልቅ ለተኛ ሰው ምኑም አይደለም፤ ቀን ላይ በየጠቅታው የሚባክነው ሁለት ሁለት ሴኮንድ ግን ያንገበግባል። ደግሞም ሉሚየን፣ ኤንስኬፕና ትዊንሞሽን ሬንደሩን ለግራፊክስ ካርዱ ነው የሚሰጡት። (መብራት የሚሄድበት ሰፈር ላሉ፦ አኒሜሽን ሲሆን በቀጥታ ቪዲዮ አድርጎ ከማውጣት ምስል በምስል ማውጣት ይሻላል። የሚጠፋው በመሰላት ላይ የነበረው አንዱ ፍሬም ብቻ ይሆናል።)

የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩት ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አለባቸው። አዳዲሶቹ የሶኒና የካኖን ካሜራዎች 10 ቢት፣ 4:2:2 የሆነ ኤች 265 ቪዲዮ ይቀዳሉ። ፋይሉ በጣም የተጨመቀ ስለሆነ እያንዳንዱን ፍሬም መፍታት ከባድ ሥራ ነው። ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጥ ያለው አብሮ ገነብ ግራፊክስ ይህን የሚፈታ ክፍል አለው፤ ኩዊክ ሲንክ ይባላል። የኤንቪዲያ ካርዶች ይህን ችሎታ ያገኙት በ2025 በወጡት በ50 ተከታታዮቹ ነው። ስለዚህ በፕሪሚየር ላይ መካከለኛ ዋጋ ያለው ኮር አይ ፋይቭ ያለችግር የሚያጫውተውን ታይምላይን፣ 16 ኮር ያለው ራይዘን ከ30 ተከታታይ ካርድ ጋር ሆኖ ሲንገታገት ማየት አያስገርምም። ጥንቃቄው ከቁጥሩ መጨረሻ ያለችው «ኤፍ» ናት፤ 13400ኤፍ ወይም 14700ኬኤፍ ሲባል አብሮ ገነቡ ግራፊክስ የለም፣ ኩዊክ ሲንክም የለም። የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያገለገለ የሚገዛ ደግሞ ባዮሱ መታደሱን ይጠይቅ። ኢንቴል በ2024 ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ እነዚህን ፕሮሰሰሮች እንደሚጎዳ አምኖ ማስተካከያ አውጥቷል፤ አስቀድሞ የተጎዳውን ግን ማስተካከያው አያድነውም።

ሜሞሪ ላይ ክርክሩ አጭር ነው፤ ወይ ይበቃል ወይ አይበቃም። ሲበቃ ተጨማሪው ምንም አያፋጥንም። ሳይበቃ ሲቀር ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ያወጣዋል፣ ፈጣን በሚባለው ኤስኤስዲ እንኳ ምላሹ ከሜሞሪ በመቶዎች እጥፍ ይዘገያል፤ ማሽኑ ስታክ ያደረገ የሚመስለው ያን ጊዜ ነው። አፍተር ኢፌክትስን ብንወስድ፣ አንድ የ4ኬ ፍሬም 3840 በ2160 ነው፤ 8.3 ሚሊዮን ፒክስል ማለት ነው። በ16 ቢት እያንዳንዱ ፒክስል ከአራት ቻናሉ ጋር 8 ባይት ይወስዳል። አንዱ ፍሬም 66 ሜጋባይት፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም ሲሆን 1.66 ጊጋ፣ አሥር ሴኮንድ 16.6 ጊጋ። የ16 ጊጋ ማሽንን አሥሯ ሴኮንድ ብቻዋን ትሞላዋለች፤ ዊንዶውስና ፕሮግራሙ ራሱ ገና ቦታ አልያዙም። ለዚህ ነው ለግራፊክስ 32 ጊጋ መነሻ፣ ለአፍተር ኢፌክትስና ለከባድ የሕንፃ ሬንደር 64 ጊጋ ተገቢ ነው የምለው።

አገጣጠሙም ይቆጠራል። አንድ ፍሬ 32 ከመግዛት ሁለት ፍሬ 16 ይሻላል፤ ዲዲአር4 3200 በአንድ ቻናል በሴኮንድ 25.6 ጊጋባይት ሲያመላልስ በሁለት 51.2 ያመላልሳል። «አራት ፍሬ ከሆነ ደግሞ የበለጠ» ማለት ግን አይደለም። በራይዘን 7000 ሁለት ፍሬ ዲዲአር5 እስከ 5200 ሲፈቀድለት አራት ሲሰካ ይፋዊው ገደብ ወደ 3600 ይወርዳል፤ 64 ለመድረስ ሁለት ባለ 32 መግዛት ነው። ማሸጊያው ላይ 6000 የተባለውም ቢሆን ባዮስ ገብተው ኤክስፖ ወይም ኤክስኤምፒ የሚለውን እስኪያበሩ ድረስ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ብዙ ጊዜ በ4800 ነው የሚሠራው። ይህን ሳያበሩ ዓመት የሚሠሩበት ብዙ ናቸው።

ያገለገሉት የኤችፒ ዜድ440 እና የዴል ፕሪሲዥን ቲ5810 ማሽኖች ዋጋቸው ያማልላል። ውስጣቸው የሚገኘው ዚዮን፣ ለምሳሌ ኢ5-2680 ቪ4፣ 14 ኮር አለው፤ አንዱ ኮር ግን ከ3.3 ጊጋኸርዝ አያልፍም፣ ትውልዱም የ2016 ነው። ማታ ማታ ኮሮና ለሚያስኬድ ስቱዲዮ ሁለተኛ ማሽን ይሆናል፤ ቀን ሬቪት ለሚሠራበት ሰው አልመክረውም። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ በኦክቶበር 2025 አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ይህን ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም። ሜሞሪያቸውም አራት ቻናል ስለሆነ ሁለት ፍሬ ብቻ ተሰክቶበት ከተሸጠ የፍጥነቱ ግማሽ ቀርቷል። ሻጩ «64 ጊጋ አለው» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ሜሞሪው ሬጅስተርድ ኢሲሲ ከሆነ ግን ወደ ተራ ማዘርቦርድ ተዛውሮ አይሠራምና፣ በሚቀጥለው ማሽን ላይ እጠቀምበታለሁ ብሎ ዋጋ መጨመር አያዋጣም።