የመጀመሪያው ሩብ ዓመት

የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ጳጉሜን ጨምሮ 95 ቀን አለው፤ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 96። ሌሎቹ 90 ቀን ናቸው። ከሁሉም ረጅሙ እሱ ሆኖ ሳለ በአንባቢ ቁጥር ጭራ የሚሆነውም እሱ ነው።

ወልቂጤ ውስጥ በቤተ መጻሕፍት ለሚሠራ ሰው ምክንያቱ እንግዳ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ዝግ ነው፤ ዝናቡም ሰው አያስወጣም። መስከረም ሲጠባ መስቀል ይመጣል፤ ከአዲስ አበባም ከሌላውም ከተማ ሰው ወደ ቀዬው ይጎርፋል። አረፋም እንዲሁ አገር ያንቀሳቅሳል፤ በዚያ ላይ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ይቀድማል። ስለዚህ የዘንድሮን ወር ከአምናው ጋር ማወዳደር አንዳንዴ በዓልን ከሥራ ቀን ጋር ማወዳደር ነው። የሪፖርት ቅጹ ግን ይህ የሚጻፍበት ቦታ የለውም፤ «አፈጻጸም ቀንሷል» ይባልና ይታለፋል።

የበሩ መዝገብ የሚቆጥረው ፊርማ ነው። ጠዋት ገብቶ ምሳ በልቶ የተመለሰ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ሁለት ሰው ይሆናል። ሦስት ጓደኛሞች ሲመጡ ደግሞ አንዱ ይፈርምና ሁለቱ ተከትለውት ይገባሉ። ሰዓቱንም አንዱ 3፡00 ብሎ ይጽፋል፣ ስልኩን አይቶ የሚጽፈው 9፡00። ሁለቱም የገቡት ጠዋት ነው፤ ደማሪው ካላወቀ ግን አንደኛውን ከሰዓት በኋላ ያደርገዋል።

የውሰት መዝገቡ ከዚህ የባሰ ያሳስበኛል። ሪቻርድ ትሩስዌል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1969 ከውሰቱ 80 በመቶ ያህሉ የሚገኘው ከመጻሕፍቱ 20 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን ጽፎ ነበር። የእኛም መደርደሪያ ይህንኑ ይመስላል፤ የፈተና መለማመጃው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሌላው አቧራ ይለብሳል። የማይዋሱት ይወገዱ የሚል ሐሳብ በተነሳ ቁጥር ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ቋንቋ ጽፎት፣ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ የታተመው የሺነጋ መንደር ታሪክ እኛ ዘንድ ያለው አንድ ቅጂ ስለሆነ ለውሰት አይወጣም። በመዝገቡ ዜሮ ነው። ጠርዙን ያየ ሰው ግን ስንት ጣት እንዳለፈበት ይገባዋል። በዚያው ደካማ በሚባለው ሩብ ዓመት፣ በመስቀል ሰሞን፣ ዘመድ ሊጠይቁ የመጡ ወጣቶች እዚያው ቆመው ያነቡታል።

በቡታጅራ የምቀናው የእኛ መዝገብ ይህን ሁሉ ስለማያሳይ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1979 ዓ.ም. በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ የጀመረው የጤና ክትትል የተወለደንና የሞተን ደምሮ ብቻ አልተወም። ማን ገባ፣ ማን ወጣ እያለ ቤተሰቡን ተከታተለ። ቀበሌውን ለቆ የሄደ ሰው ከሞተ ሰው ተለይቶ ተመዘገበ።

እኛም በሐምሌ የጠፋው አንባቢ በጥቅምት ሲመለስ ያው ሰው መሆኑን ማወቅ እንችላለን። በፊርማ ፋንታ የአንባቢ መለያ ቁጥር ይጻፍ። እዚያው ተነበው ጠረጴዛ ላይ የቀሩት መጻሕፍት ማታ ወደ መደርደሪያ ከመመለሳቸው በፊት ይቆጠሩ። ቅጹም በዓሉ የሚጠቀስበት አንድ ዓምድ ይጨመርለት። ለዚህ ሁሉ የወረቀት ካርድና እስክሪብቶ ይበቃል፤ መብራት ሲሄድም ሥራው አይቆምም።