የዘወትር ቀን ፎቶግራፍ

ፎቶግራፍ ማለት በጽርእ ቋንቋ በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። ኬንያዊው ሙሐመድ አሚን በወሎ ክፍለ ሀገር በኮረም የረኃብተኞችን መከራ ያነሣው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን በታየ ጊዜ፥ የዓለም ልብ ራራ፤ ብዙ እርዳታም መጣ። ስለዚህ ምስጋና ይገባዋል።

ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በብዙ ባዕዳን ዘንድ የወሎ ሰው መልክ የረኃብ መልክ ብቻ ሆኖ ቀረ። የሙጃና የላስታ ደገኛ ግን ገብሱን ያጭዳል፥ ልጁን ይድራል፥ ክርስትና ያነሣል፥ በማኅበር ጽዋ ይጠጣል። ይህም መልኩ ሊታይለት የተገባ ነው።

በድግስ ቀን ተሰልፈው የተነሡት ሥዕል ልብስን ያሳያል፤ በሥራ ላይ ሳሉ የተነሡት ግን ሰውን ያሳያል። እናት ባረፈች ጊዜ ልጆች አልቅሰው የሚስሙት በምጣዷ አጠገብ የተነሣችውን ነው።

ስለዚህ ባለስልክ ወጣት ሁሉ ፈቃድ ጠይቆ ወላጆቹን በዘወትር ሥራቸው ላይ ያንሣ። ካህናትና ሹማምንትም ሥዕሉ በወረቀት ታትሞ፥ በጀርባው ስምና ዓመተ ምሕረት ተጽፎበት እንዲቀመጥ ይምከሩ። ስም ያልተጻፈበት ሥዕል ከአንድ ትውልድ በኋላ የማንም አይደለምና።