ለአንድ ሳህን ሁለት መሮ

በቶርኖ ላይ የእንጨት ጎድጓዳ ሳህን መሥራት የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያማርረው በማሽኑ ነው፡፡ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመሮው አሳሳል ይመነጫል፡፡

ለዚህ ሥራ የሚውለው መሮ ከድቡልቡል የሃይ ስፒድ ብረት የተሠራ፣ ርዝመቱን ተከትሎ ጥልቅ ቦይ የወጣለት ነው፡፡ ሁለቱ ጎኖቹ ወደ ኋላ ረዘም ተደርገው የተሳሉት፣ በአሜሪካዊው ዴቪድ ኤልስዎርዝ ስም የሚጠራው ዓይነት፣ የሳህኑን ውጪ በፍጥነት ይልጣል፡፡ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን የሳህኑ ከንፈር እጀታውን ስለሚያግደው፣ ከስለቱ ጀርባ ያለው ተዳፋት እንጨቱ ላይ ማረፉን ይተዋል፡፡ ያን ጊዜ መሮው ይነክሳል፤ እንጨቱም ከመያዣው ሊፈናጠር ይችላል፡፡ ስለዚህ ለወለሉ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ደንደን ብሎ የተሳለ ሁለተኛ መሮ ያስፈልጋል፡፡ ከዚያ በላይ ገዝቶ መደርደር፣ ቢያንስ ለጀማሪ፣ ገንዘብ ማባከን ነው፡፡

ለሳህን ጨርሶ የማይነካ መሮም አለ፤ ረጃጅም እንጨት ለማድበልበል የሚያገለግለው ሰፊው፡፡ እጀታው ውስጥ የሚገባው ጭራው ቀጭን በመሆኑ፣ ሲነክስ ተሰብሮ ሊወረወር ይችላል፡፡ ጀማሪዎች በስፋቱ ተታለው የሚያነሱት ግን እሱኑ ነው፡፡

ልምምዱ ዋጋ በሌለው ርጥብ ቁራጭ ላይ ቢሆን ይመረጣል፡፡ የፊት መከላከያ አድርጎ፣ ውጪውን ከመቀመጫው ወደ ከንፈሩ፣ ውስጡን ከከንፈሩ ወደ መሐል መቁረጥ ነው፡፡ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ከወጣ መሮው በትክክል እየቆረጠ ነው፤ ዱቄት ከሆነ ደንዟል፣ ወይም አያያዙ ተበላሽቷል፡፡