ግማሽ መልስ፦ አጋር በምድረ በዳ

ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2006 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር መንግሥት ከገነባቸው ፓርኮች የመጀመሪያው ነበር። በሼዶቹ ውስጥ ልብስ የሚሰፉት በብዛት ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው የሚኖሩ አሉ። አንዳንዷ ቀድሞ በሰው ቤት ሠርታለች፤ አንዳንዷ ዓረብ አገር ደርሳ ተመልሳለች። ለነዚህ ልጆች ስለ አስቴርና ስለ ሩት ሲሰበክ ብዙ ጊዜ እንሰማለን። እኔ የምመርጥላቸው ግን ስብከት ብዙም የማይወጣላትን አጋርን ነው።

ዘፍጥረት 16ን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። አጋር ግብጻዊት ናት፤ በሰው አገር፣ በሰው ቤት ታገለግላለች። መካኗ እመቤቷ ሦራ ለባሏ ለአብራም ሰጠቻት። ስታረግዝ እመቤቷን ናቀች (አጋርም ቅድስት ሆና አልቀረበችም)፤ እመቤቲቱ አስጨነቀቻት፤ ኮበለለች። በዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ ባልና ሚስቱ አንዴም በስሟ አይጠሯትም፤ «ባሪያዬ»፣ «ባሪያሽ» ነው የሚባባሉት።

በስሟ የጠራት በረሃ ላይ ያገኛት ነው። ወደ ሱር በሚወስደው መንገድ፣ ማለትም ወደ አገሯ በሚያቀናው፣ በአንዲት ምንጭ አጠገብ የእግዚአብሔር መልአክ አገኛት። መጽሐፍ ቅዱስ «የእግዚአብሔር መልአክ» ሲል ይህ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በፊት ኖኅ አለ፣ አብራም አለ፤ የተገለጠው ግን ለኮበለለች ገረድ ነው። እሷም ልትጸልይ አልወጣችም።

መልአኩ ከየት እንደመጣችና ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት። ጥያቄው ሁለት ነው፤ አጋር የመለሰችው አንዱን ነው፤ ከእመቤቷ እየሸሸች መሆኑን። ወዴት ለሚለው መልስ የላትም። መታደስ የጀመረላት እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ከኦቨርታይም የወጣችን ልጅ ምን እንደመረራት ብትጠይቋት ታርጌቱን፣ ሱፐርቫይዘሩን፣ የቤት ኪራዩን ትዘረዝራለች። ምን እንደምትፈልግ ስትጠየቅ ግን ዝም ልትል ትችላለች። ዝምታዋን የእምነት ጉድለት አታድርጉባት፤ አጋርም ዝም ስትል መልአኩ አልተቆጣትም።

ቀጥሎ የሚመጣው ይከብዳል። ተመልሳ ለእመቤቷ እንድትገዛ አዘዛት። ይህን ጥቅስ ይዘው የተበደለችን ሴት ዝም ብለሽ ቻዪው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ትእዛዙ በበረሃ ብቻዋን ለነበረች አንዲት ነፍሰ ጡር የተሰጠ እንጂ የመሥሪያ ቤት መመሪያ አይደለም። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡርን በሌሊትና በትርፍ ሰዓት ማሠራት ይከለክላል፤ ዘፍጥረት 16ን ጠቅሶ ይህን መብት የሚያስቀር አለቃ የለም። ደግሞም ከትእዛዙ ጋር ተስፋ ተሰጥቷታል፤ እሷም እግዚአብሔርን «የሚያየኝ» ብላ ሰየመችው። በስሟ የጠራት ሰው ላልነበራት ሴት ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ብዙ አንባቢ እዚህ ያቆማል፤ እናንተ ወደ ምዕራፍ 21 እለፉ። አሁን አጋር አልሸሸችም፤ ሦራ ይስሐቅን ከወለደች በኋላ ከነልጇ ከእስማኤል ተባረረች። በቤርሳቤህ ምድረ በዳ የአቁማዳው ውኃ አለቀ። ልጇን ከቁጥቋጦ ሥር ትታ፣ ሲሞት ላለማየት ራቅ ብላ ተቀምጣ አለቀሰች። እግዚአብሔር ዓይኗን ከፈተላት፤ የውኃ ጉድጓድ አየች። ጉድጓዱ ያኔ ተቆፈረ የሚል ቃል የለም። (ሙስሊም የሥራ ባልደረቦቻችሁ ይህችኑ ሴት ሐጀር ይሏታል፤ በሐጅ ጊዜ በሰፋና በመርዋ መካከል መመላለስ ውኃ ፍለጋዋን ያስታውሳል። ምሳ ሰዓት ላይ ጠይቋቸው።)

አብራም እስማኤልን ሲወልድ 86 ዓመቱ ነበር፤ ይስሐቅን ሲወልድ 100። ስለዚህ ከምንጩ እስከ ጉድጓዱ ቢያንስ 14 ዓመት አለፈ፤ በመካከሉ አጋር በዚያው ቤት ነበረች። በመጨረሻ በፋራን ምድረ በዳ ለልጇ ከግብጽ ሚስት አመጣችለት። ወዴት እንደምትሄድ መናገር ያልቻለችው ሴት ቤተሰቧ ወዴት እንደሚያቀና ራሷ ወሰነች፤ ያውም ከአገሯ ልጅ ጋር።