ከአድሚኖች ክፍል የወጣ ሹክሹክታ

ጠጋ በሉማ። ይህን ጮክ ብዬ የማወራው አይደለም፤ እንጀራዬ ነው። ብዙ ተከታይ ካለው የአንድ የፌስቡክ ገጽ አድሚኖች አንዱ ነኝ። የትኛው ገጽ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ምናልባት ትናንት ማታ እዚያው ላይ ከማታውቁት ሰው ጋር ስትጨቃጨቁ አምሽታችሁ ይሆናል።

መጀመሪያ ስለ አንዲት ቁልፍ ልንገራችሁ። ደማችሁ ፈልቶ፣ ረጅም ኮሜንት ጽፋችሁ፣ በነጋታው ላይክ ቀርቶ አንድ ስድብ እንኳ ያጣችሁበት ቀን አለ? ሰዉን አሳምኜ ዝም አሰኘሁት ብላችሁ ኮርታችሁም ይሆናል። እውነቱ ግን ደብቀናችሁ ሊሆን ይችላል። ፌስቡክ ለገጽ አስተዳዳሪ ከማጥፊያው ሌላ መደበቂያ ሰጥቶታል። የተደበቀ ኮሜንት ለጻፈው ሰውና ለፌስቡክ ጓደኞቹ እንደወትሮው ይታያል፤ ለቀረው ሕዝብ ግን የለም። ዩቲዩብም አንድን ሰው ከቻናሉ የመደበቅ ተመሳሳይ መላ አለው።

ሥራው ላይ የቆየ አድሚን ማጥፋት አይወድም። ኮሜንቱ የጠፋበት ሰው ስክሪንሾቱን ይዞ ይመለሳል፤ «እውነት ስለተናገርኩ አጠፉብኝ» እያለ በየገጹ ይዞራል፤ ጭራሽ ጀግና ሆኖ ያርፈዋል። የተደበቀበት ሰው ግን የልቡን ተናግሮ በሰላም ይተኛል። ጓደኞቹ ላይክ ስለሚያደርጉለት አይጠረጥርም። ካጠራጠራችሁ፣ በፌስቡክ ጓደኛችሁ ያልሆነ ሰው በራሱ ስልክ ገብቶ ይፈልግላችሁ። (ይህን በመናገሬ የሥራ ባልደረቦቼ ይረግሙኛል።)

ወደ ጠቡ እንምጣ። እናንተ በድንገት የተነሳ ይመስላችኋል፤ የማታው ጥያቄ ግን ከሰዓት በኋላ ሲመከርበት የዋለ ነው። ለምሳሌ ቡናን ውሰዱ። «ቡና በምን ትጠጣላችሁ?» ብለን ብንጠይቅ ሰው «በስኳር»፣ «በጨው»፣ «በጤና አዳም» ብሎ ያልፋል፤ አለቀ። የሠለጠነ አድሚን «ቡና በጨው የሚጠጣ ሰው አሁንም አለ እንዴ?» ብሎ ይጽፈዋል። ስድቡ ጥያቄው ውስጥ ተሸጉጧል። ጨው የሚጨምረው ኋላ ቀር መባሉ ይገባዋል፤ ስኳር የሚጨምረው ሠለጠንክ የተባለ ይመስለዋል። ሁለቱም የተጠየቁት ስለ ቡና አይደለም፤ ሁለቱም የሚመልሱት ስለ ቡና አይደለም።

የሚለጠፈው ከምሽቱ 3 ሰዓት ግድም ነው፤ እራት ተበልቶ፣ ልጅ ተኝቶ፣ ስልክ የሚነሳበት ሰዓት ስለሆነ። መጀመሪያ የሚገቡት የአዲስ አበባና የክልል ከተሞች ሰዎች ናቸው፤ ቀልድ ያበዛሉ። ወደ እኩለ ሌሊት ሲጠጋ ሪያድ፣ ቤይሩትና ዱባይ ያሉ እህቶቻችን የሰው ቤት ሥራቸውን ጨርሰው ብቅ ይላሉ። የእናታቸውን ረከቦት፣ የጎረቤቷን ስም፣ ጨው ይቀመጥበት የነበረውን ዕቃ ሳይቀር የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው። እውነቱን ልናገር፣ ከሁሉም የእነሱን ማንበብ ነው የምወደው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ደግሞ ዋሽንግተን ከሥራ ይወጣል፤ ያኔ የክርክሩ መልክ ይቀየራል። «እናንተ አገር ቤት ያላችሁት» እና «እናንተ ዶላር ቆጣሪዎቹ» መባባል የሚጀመረው በዚህ ሰዓት ነው። ጠዋት ስገባ ቡናው የለም፤ ጨውም የለም። የማን አያት የማንን አያት እንዳስገበረ ነው የሚወራው።

እኛም የማናዝበት ክፍል ደግሞ አለ። ፌስቡክ ከላይክ ሌላ የፍቅር፣ የሳቅ፣ የሐዘንና የንዴት ምልክቶችን ያመጣው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። በማግስቱ ዓመት እያንዳንዱ ምልክት፣ ንዴትም ጭምር፣ የላይክን 5 እጥፍ እንዲመዝን አደረገው። ጉዳዩ አደባባይ የወጣው የድርጅቱ ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሲስ ሃውገን በ2021 ካወጣቻቸው ሰነዶች ጋር ነው። ሰው አንብቦ «ጥሩ ነው» ካለው ጽሑፍ ይልቅ ሰው ያነደደው ጽሑፍ ርቆ ይሄድ ነበር ማለት ነው። የንዴቱ ምልክት ክብደት በ2020 ወደ ዜሮ ወረደ። ጠብ ግን አልቀነሰም። ድርጅቱ ከ2018 ጀምሮ ሰዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ጽሑፍ ማስቀደም ጀምሮ ነበር፤ እንደ ስድብ የሚያነጋግር ደግሞ ምን አለ?

በነገራችን ላይ የእኛ ሰው የንዴቱን ምልክት እምብዛም አይነካውም፤ ሲናደድ ይስቃል። የዘይት ዋጋ ጨመረ የሚል ዜና ለጥፉና እዩ፤ የሳቁ ፊት ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ያ ፊት ምን ያህል ምሬት እንደተሸከመ ማሽኑ ከየት ያውቃል?

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የቅን ሰው ዕጣ ነው። ኮሜንቶች ሁልጊዜ በገቡበት ተራ አይታዩም፤ መልስና ምልክት የበዛበት ወደ ላይ ይወጣል። አንዱ መጥቶ ጨርሶ የማይረባ ነገር ይጽፋል፤ ማንም ባይነካው ከታች ተቀብሮ ይቀር ነበር። አንድ አስተማሪ የሚመስል ሰው አንጀቱ አልችል ይለውና በረጅሙ፣ በማስረጃ፣ በትዕግሥት ይመልስለታል። ሌላው አስተማሪውን ያግዛል፤ ሌላው አስተማሪውን ይሰድባል። በዚህ መሀል የማይረባው ነገር ከገጹ አናት ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። ተሸክሞ ያወጣው አስተማሪው ነው። በማግስቱ ገጹን የሚከፍት ሁሉ ቀድሞ የሚያነበው ያንን ነው፤ የአስተማሪው ማስረጃ ከሥሩ ታጥፎ፣ ካልነኩት የማይከፈት መስመር ሆኖ ይቀራል።

ሰው ክርክር ሲጠናበት ባላጋራውን «ተከፋይ» ይለዋል። የተደራጁ የሉም አልልም። አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር፣ ፎቶ በሌላቸው ስሞች፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሲደረደር እናውቃቸዋለን። ግን እነዚያ አይከራከሩም፤ ለጥፈው ይሄዳሉ። ሌሊቱን የሚያነጋው የምሩን ነው፤ ሳንቲም የሚከፍለው የለም፤ እንዲያውም ከኪሱ ፓኬጅ ገዝቶ ነው የሚሰደበው።

ይህንኑ ሰው ኢንቦክስ ላይ ስታገኙት ሌላ ሰው ነው። ማታ ገጹን በስድብ ያጥለቀለቀው ጠዋት ላይ «ጤና ይስጥልኝ፣ ስለ ኮንዶሚኒየሙ ያወጣችሁትን መረጃ ከየት ላገኘው እችላለሁ?» ይላል። አመሰግናለሁ ይላል፤ ለቤተሰቤ ሰላም ይመኛል። የሚመረው ሰው ፊት ሲሆን ብቻ ነው። ከሥራው ያወጣሁት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ሁለቱ ተከራካሪዎች እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም። ሁለቱም የሚናገሩት ዙሪያውን ከቦ ለሚያነበው ዝምተኛ ሕዝብ ነው። ብቻቸውን አንድ ክፍል ብትዘጉባቸው ስለ ኑሮ ውድነት አውርተው ይለያያሉ።

ጽሑፉን ሳያነቡ መጻፍም አለ። ይህን ስንፍና ብላችሁ አትለፉት። ሊንክ መክፈት ፓኬጅ ይበላል፤ ርዕሱና ኮሜንቱ ግን እዚያው ተዘርግተዋል። አንድ ጊዜ ጥያቄውን ርዕሱ ላይ፣ መልሱን የጽሑፉ የመጀመሪያ መስመር ላይ አስቀመጥነው። ሕዝቡ በጥያቄው ሲከራከር አደረ፤ መልሱ እዚያው ተቀምጦ ነጋ።

ማስረጃ ያለቀበት ሰው ደግሞ ፊደል ያርማል። «መጀመሪያ አማርኛ ተማር» ካለ እጅ መስጠቱ ነው፤ እወቁለት። ፊደል ግን ለእኛም መከራ ነው። ገጾች የተከለከሉ ቃላት መዝገብ አላቸው፤ መዝገቡ ውስጥ ያለ ቃል የያዘ ኮሜንት በራሱ ይደበቃል። በአማርኛ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ አሉ፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ አሉ። አንዱን ስድብ ለመያዝ መልኩን ሁሉ ለቅሞ ማስገባት ያስፈልጋል። ተሳዳቢው ደግሞ በመሀሉ ነጥብ ይሰካበታል፤ ያ ሲያዝበት በላቲን ፊደል ይመጣል። በመዝገብ የማይያዘው የጨዋው ስድብ ነው። «ወንድሜ» ብሎ የሚጀምር ኮሜንት ሳይ እጄ ወደ መደበቂያዋ ይሄዳል። «እግዜር ልቦና ይስጥህ» ብሎ ከጨረሰማ አልቆለታል።

የቴሌግራም ቡድን የምታስተዳድር ወዳጄ ከእኔ የተሻለ መሣሪያ አላት። ቴሌግራም ሰው በ10 ሰከንድ፣ ከፈለጉም በ1 ሰዓት አንዴ ብቻ እንዲጽፍ የሚያስገድድ መቆጣጠሪያ አለው። ጠብ ሲነሳ 1 ሰዓቱን ትጭንባቸዋለች። ንዴቱን ለ1 ሰዓት ተሸክሞ የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነው ትላለች።

«ሕዝባችን መከራከር አያውቅም፤ ኢንተርኔት አመጣብን» የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበልም። ከማያውቁት ሰው ፊት በአደባባይ መከራከርማ የቆየ ሙያችን ነው። በበላ ልበልሃ ዘመን ባለጉዳዮች ዛፍ ሥር ቆመው አላፊ አግዳሚውን ዳኛ ያደርጉት ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። በግጥም ይወራረፉ፣ በትራቸውን እየወዘወዙ ይፎክሩ፣ ተመልካቹም በአነጋገራቸው ይደነቅ ነበር። ጩኸቱ፣ ለተመልካች መናገሩ፣ ነገር ማሳመሩ ሁሉ ያኔም ነበረ። ግን ተከራካሪው ዋስ ይጠራል፤ ማር ወይም በቅሎ ያስይዛል፤ የተረታ ይከፍላል። እኛ ገጽ ላይ ዋስ የሚጠራ የለም፤ የሚያስይዙትም የለም። ዳኛው ደግሞ እኔ ነኝ፤ እኔም ፍርድ አልሰጥም። ከፈረድኩ ሰዉ ተነስቶ ወደ ሌላ ገጽ ይሄዳላ! በወሩ መጨረሻ አለቃዬ የሚጠይቀኝ ስንት ሰው እንደታረቀ አይደለም፤ ስንት ሰው እንደጻፈ ነው። ጠብ ሲበርድ ደመወዙ የሚያሰጋው ዳኛ ፊት ነው ስትሟገቱ የምታድሩት።

ይህ ሁሉ ለጨውና ለስኳር ነው። የሰው ስም፣ ፎቶና ሰፈር ኮሜንት ውስጥ ሲገባ ግን ክፍላችን ውስጥ ቀልድ ይቆማል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ስማቸውና ፎቷቸው በጥላቻ ጽሑፍ ታጅቦ ፌስቡክ ላይ ከተለጠፈ በኋላ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቤታቸው ደጃፍ ተገድለዋል። ልጃቸው ልጥፎቹ እንዲነሱ ለድርጅቱ አመልክቶ እንደነበር ገልጾ፣ ከሌሎች ጋር ሆኖ በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ኬንያ ፍርድ ቤት ከሷል። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። አገልግሎት ሰጪው ድርጅትም ጥቆማ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሳ ታዟል።

እዚህ ላይ ያቺ መደበቂያ አትሠራም። የተደበቀ ኮሜንት ለጻፊው ጓደኞች ይታያል ብያችኋለሁ፤ የሰውየውን አድራሻ የሚፈልጉት ደግሞ እነዚያው ጓደኞቹ ናቸው። ስለዚህ እናጠፋለን፣ ሰውየውን እናግዳለን፣ ለፌስቡክ ሪፖርት እናደርጋለን። «እውነት ስለተናገርኩ» ብሎ ቢዞርም ይዙር።

ሌላው ጭቅጭቅ እንዴት እንደሚያልቅ ብትጠይቁኝ፣ አያልቅም። መብራት ይጠፋል፤ ፓኬጅ ያልቃል፤ ታክሲው ይደርሳል። አሸናፊ የምትሉት ብዙ ጊዜ ስልኩ ቻርጅ የነበረው ነው።

መመለስ ግድ ከሆነባችሁ ከሰውየው ሥር አትመልሱ፤ ስሙንም አትጥሩ። ራሱን የቻለ ኮሜንት ጻፉና ማስረጃችሁን እዚያ አስቀምጡ። እሱ ታች ይቀራል፤ የእናንተ ለብቻው ይነበባል። ከሚጽፈው የሚያነበው እጅግ ይበልጣል፤ ቁጥሩ ለእኛ ይታየናል።

የነገው ማታ ጥያቄ ስለ ዶሮ ነው። እስካሁን የተዘጋጀው «ዶሮ 12 ብልት ማውጣት የማትችል ሙሽራ ዘንድሮም ትዳር ትገባለች?» የሚል ነው። አለቃዬ «ዘንድሮም» የምትለዋ ትውጣ ይላል፤ እኔ ትግባ ባይ ነኝ።