ከግግሩ ጋር የሚጓዙ

እ.ኤ.አ. በ1881 «ዣኔት» የተባለችው የአሜሪካ መርከብ ከሳይቤሪያ በስተሰሜን በበረዶ ተጨፍልቃ ሰጠመች። ከሦስት ዓመት በኋላ ስብርባሪዋ ግሪንላንድ ዳርቻ ተገኘ። ኖርዌያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን ከዚህ ተነሥቶ የአርክቲክ ውቅያኖስን የሸፈነው በረዶ እንደሚጓዝ ገመተ። በ1893 «ፍራም» የተባለች መርከቡን ሆን ብሎ በግግሩ አስያዛት፤ ግግሩም ሦስት ዓመት ገደማ አንሳፍፎ በስቫልባርድ አቅራቢያ ለቀቃት።

ዛሬ ይህን ጉዞ ቡይ የሚባሉ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች ይጓዙታል። ሥራው በ1979 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ በኋላ የብዙ አገሮች የጋራ ፕሮግራም ሆኗል። ቡዮቹ በባለሙያ እጅ ይተከላሉ፣ ወይም ከአውሮፕላን በፓራሹት ይጣላሉ። ከዚያ ያሉበትን ቦታ፣ የአየር ግፊቱንና ሙቀቱን በሳተላይት ይልካሉ።

ሳተላይት ሁሉን ያያል ለሚል ሰው መልሱ የአየር ግፊት ነው። ሳተላይት የበረዶውን ስፋት ከላይ ሆኖ ይለካል፤ በባሕሩ ወለል ላይ ያለውን ግፊት ግን በአስተማማኝ ሁኔታ አያገኘውም። የወጀብን መነሻና አቅጣጫ ለመተንበይ ደግሞ ግፊት ግድ ነው። ከዋልታው የጎደለ ልኬት ከቀናት በኋላ የአውሮፓንና የሰሜን አሜሪካን ትንበያ ሊያዛባ ይችላል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የግግሩን ውፍረት የሚለካው የቡይ ዓይነት ነው። ግግሩ ይበሳና የሙቀት መለኪያዎች የተደረደሩበት ረጅም ገመድ በቀዳዳው ይወርዳል፤ አየሩን፣ ላይ የተከመረውን ብናኝ በረዶ፣ ግግሩንና ከሥሩ ያለውን ባሕር በየደረጃው ይለካል። ከላይና ከታች የተገጠሙ የድምፅ መለኪያዎችም የሁለቱን ገጽ ለውጥ ይከታተላሉ። ግግሩ ከላይ በፀሐይ ቀለጠ ወይስ ከሥር በሞቀ ውሃ ተበላ? ይህን ለይቶ የሚናገር ምስክር ከሰማይ አይገኝም።

የቡዮቹ መንገድ ከሳተላይት ምስል ጋር ሲገጣጠም የበረዶው ዕድሜም ይቆጠራል፤ ውጤቱ ያስደነግጣል። በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ በክረምቱ ማብቂያ፣ ከአራት ዓመት በላይ የቆየው ግግር ከአርክቲክ በረዶ ሲሶውን ያህል ነበር። ዛሬ ከመቶ አምስት እጅ እንኳ አይሞላም።

መሣሪያዎቹ ግን ዕድሜያቸው አጭር ነው። ግግሩ ሲሰባበር ይደቀቃሉ፣ ድብ ይጫወትባቸዋል፣ የተረፉትም በግሪንላንድና በስቫልባርድ መካከል ከበረዶው ጋር ይወጣሉ። ነፋሱና ጅረቱ ግግሩን ከሳይቤሪያ ወገን ገፍተው ስለሚወስዱት በተለይ ያ አካባቢ ይራቆታል። ለአንድ ሰሞን ጥናት ተብሎ የሚሰጥ ገንዘብ ይህን የቡዮች መረብ አያቆመውም፤ በየዓመቱ አዲስ መትከል ያስፈልጋል፣ የአገሮቹም መዋጮ ሊቋረጥ አይገባም።